የተዘጋ አካውንት

«ለነገም እንደገና አጽድቂውና እንሂድ በቃ!» አለች ጥይት፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች።

ዳኛ ንቅንቅ አላለችም። የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከመስኮቱ ውጭ የቼዝ ቡድኑ ልጆች ለነገው ውድድር ዕቃ እየጫኑ ይንጫጫሉ። ጋሼ የሚሉት ልጅ ግን አብሯቸው የለም። ከቡድኑ ተባሯል።

ዳኛ የሚለው ቅጽል ስም የወጣላት በሥራዋ ነው። የኮምፒውተር ክለቡ የሠራው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ረዳት ከቼዝ ድረ ገጽ ላይ መረጃ ይለቅማል፤ የማን ነጥብ ከፍ አለ፣ ማን ማንን አሸነፈ፣ የማን አካውንት ተዘጋ። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ መሣሪያ፣ ማለትም አንድ ትንሽ ፕሮግራም፣ አለው። ታዲያ ይህ ጉደኛ ረዳት መሣሪያውን ከፍቶ አያይም፤ ላዩ ላይ የተጻፈለትን መግለጫ አንብቦ፣ አምኖ ይሮጣል። የስኳር ጣሳ ላይ «ጨው» ብላችሁ ብትለጥፉበት፣ ሳይቀምስ ሾርባው ውስጥ ይገለብጠዋል። መግለጫውን የምትጽፈው ጥይት ናት። መዝና የምታጸድቀው ደግሞ ዳኛ።

ባለፈው ሳምንት አሰልጣኙ ረዳቱን ስለ ቡድኑ ልጆች ጠየቁት። ጋሼ ላይ ሲደርስ «ይህ ተጫዋች በማጭበርበር ተይዟል» ብሎ ቁጭ! ጋሼ ያሉት ገና አሥራ አራት ዓመቱ ሆኖ ሳለ እንደ ሽማግሌ አገጩን ይዞ ስለሚያስብ ነው። «አካውንቴን እኔው ነኝ የዘጋሁት፤ እማዬ ስትታመም ጨዋታው እንዳያዘናጋኝ ብዬ» ቢል ማን ሰምቶት! «ኮምፒውተር ይዋሻል እንዴ?» ተባለ። ኮሪደር ላይ ሲያልፍ «ኪሳችሁን ጠብቁ!» እየተባለ ይሳቅበት ጀመር። በኋላም ትምህርት ቤት መምጣቱን ተወ።

«ጋሼን አጭበርባሪ ያለው መሣሪያ የሚያመጣው ምንድነው?» አለች ዳኛ።

«የተዘጉ አካውንቶችን።»

«መግለጫው ላይ ግን "ያጭበረበሩ ተጫዋቾችን ለይቶ ያወጣል" ነው ያልሽው። ሰው በራሱ ፈቃድ አይዘጋም?»

«ኧረ ተይኝ! ያስገባሁት ስም ሁሉ ልክ ነው የመጣው።»

«የእነማንን ስም ነው ያስገባሽው?»

«በማጭበርበር የታወቁትን ነዋ!»

ሌባ ብቻ ጠርቶ ሌባ ብቻ ማግኘት ምን ይደንቃል? ጥይት «በደንብ ፈትሼዋለሁ፣ እንዳትለፊ» ብላት ነበር እኮ! ዳኛስ ብትሆን? ጓደኛዬ ናት ብላ ዓይኗን ጨፍና አጽድቃለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት።

«ስሚኝማ፣» አለች ጥይት ቀረብ ብላ። «ነገ እንግዶች ሊያዩት ይመጣሉ። ዛሬ ካበላሸሽው ክለቡ አለቀለት፣ እኔም አለቀልኝ። ከነገ በኋላ ድምፃችንን አጥፍተን እናስተካክለዋለን።»

«ጋሼስ?»

«ራሴ ነኝ የዘጋሁት የማይል አጭበርባሪ አለ? ማንም አያምንሽም።»

እዚህ ላይ ልክ ናት፤ ዳኛንም ያንገበገባት እሱ ነው። አለማጭበርበሩን አሰልጣኙ በሚገባ የሚያውቁት፣ አካውንቱንም ፊታቸው በገዛ እጁ የሚዘጋ ሰው ያስፈልጋል።

ድረ ገጹ ላይ ያላትን የራሷን የቼዝ አካውንት ከፈተች። ነጥቧ ቢጠፋ ግድ የላትም። አምና ከሞተው ታላቅ ወንድሟ ጋር የተጫወተቻቸው ጨዋታዎች ግን እዚያ ናቸው፤ በየመሀሉ የጻፈላትም ተረብ አለ። «ንግሥትሽን ጠብቂ፣ አንቺ ፈዛዛ!» ይላል አንዱ። አካውንቱ አንዴ ከተዘጋ ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ መመለሻ የለውም። አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«መምህር!» ብላ በመስኮቱ ተጣራች። «አንዴ ይምጡልኝ!»

አሰልጣኙ የዕቃ ማሰሪያ ገመድ እንደያዙ ገቡ። «ምን ሆናችኋል?»

«እኔ አጭበርብሬ አውቃለሁ?»

«ምን ነካሽ? አንቺማ ፊቴ አይደል እንዴ ያደግሽው!»

«እንግዲያው ይዩኝ።»

«እብድ ነሽ? ተይ!» አለች ጥይት። ዳኛ «አካውንት ዝጋ» የሚለውን ስትነካ ድረ ገጹ እርግጠኛ መሆኗን ጠየቃት። ዕንባዋ መጣ። «አዎ» የሚለውን ተጫነችው።

«አሁን ረዳቱን ስለ እኔ ይጠይቁት።»

አሰልጣኙ ግራ እንደተጋቡ በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ ጻፉ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ይህ ተጫዋች በማጭበርበር ተይዟል ይላል። አነበቡት፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ገመዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወንበር ሳቡ።

ጥይት በሩን ደርግማው ወጣች። ዳኛ አልተከተለቻትም። ከመግለጫው ሥር ማጽደቂያዋን ሰርዛ «ውድቅ» ብላ ጻፈችበት።

«ልጁ ሲምልልኝ ሳቅኩበት እኮ፣» አሉ አሰልጣኙ ቀስ ብለው። «ሰው ሁሉ እያየ ሳቅኩበት። ቤቱን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«እናቱ ቢያባርሩኝስ?»

«እኔንም ነው የሚያባርሩኝ፣» አለች ዳኛ ቦርሳዋን እያነሳች። «ያጸደቅኩት እኔ ነኝ።»

በሩን ከፍታ ቀድማቸው ወጣች።