የቆለፈው እጅ

ታኔልን ሐሙስ ጠዋት በግቢው ሳውና ውስጥ፣ በላይኛው አግዳሚ ላይ ተጋድሞ አገኙት። ቁስል የለበትም፤ ፊቱ ቀላ ብሎ፣ ቢጠሩት የሚነሳ ይመስላል። ፍሙ ሳይከስም የጭስ ማውጫው መዝጊያ ተዘግቷል። በኢስቶኒያዋ ታሊን ከተማ ያደገ ልጅ ሁሉ «ፍም እያለ መዝጊያውን እንዳትነካ፣ የታፈነው ጭስ ይገድላል» እየተባለ ነው የሚያድገው፤ ስለዚህ በስህተት ተዘጋ ብሎ የሚያምን አልነበረም።

ኢንስፔክተር ቪርቬ ጡረታዋን እንደ ደመወዝ ቀን የምትጠብቅ ሴት ናት። ጉልበቷ ያማታል፤ የኅዳር ጭቃና በረዶ አንገሽግሿታል፤ የሰው ውሸትም እንዲሁ። ሬሳውን ካየች በኋላ ዕድሜውን ጠየቀች። ሠላሳ አልሞላውም አሏት። አዘነች፤ ማዘን ራሱ ስለ ደከማት ደግሞ ተናደደች።

ቤቱ ኮፕሊ ሰፈር ያለ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። ከታች ባለቤቲቱ ሄልዩ ይኖራሉ፤ ፎቁ ላይ ታኔልና ኬርሊ የምትባል ልጅ አንዳንድ ክፍል ተከራይተዋል። እሱ ቀን ትራም ይነዳል፤ እሷ ዳቦ መጋገሪያ ትሠራለች፤ ከሥራ መልስ ሁለቱም ማስተርስ ለመግባት የመረጃ ደኅንነት ያጠናሉ። እንቅልፍ አጥተው፣ ዓይናቸው ጎድጉዶ፣ ዓመት አልፏቸዋል። የሚያስጠናቸው ሪሆ ነው፤ በአንድ ድርጅት የደኅንነት ባለሙያ ሲሆን የድጋፍ ደብዳቤያቸውንም የሚጽፈው እሱ ነበር።

ረቡዕ ማታ ከታኔል ኮምፒውተር ለኬርሊና ለሪሆ መልእክት ተልኳል፤ «አልቻልኩም። ይቅር በሉኝ» ይላል። ኬርሊ ተኝታ ስለነበር ያየችው ጠዋት ነው። የቪርቬ አለቃ ነገሩን በስልክ ሰምቶ ወይ ራሱን ገድሏል፣ ወይ ልጅቷ ገድላዋለች አላት። ነፃ የትምህርት ዕድሉ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ይፈልጉታል። ኬርሊም የሚያስቡትን ታውቃለች። በዚያ ሙያ ጥርጣሬ ያረፈበትን ስም የሚቀጥር የለም፤ ማመልከቻው ደግሞ የሚዘጋው በማግስቱ ዓርብ ነው።

ሄልዩ ረቡዕ ማታ ቴሌቪዥን ከፍተው ማንም ሲገባ አላዩም። ጠዋት ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ኬክ አግኝተዋል። ምሬታቸው ሌላ ነው።

«ያ የታኔል ኮምፒውተር ሳምንቱን ሙሉ ወጥ ቤቴ ውስጥ ሲያጓራ ከረመ» አሉ። «ልዝጋው ስል ሁለቱም ተንጫጩብኝ። የእኔ ቴሌቪዥን ቢሆን ይሄኔ ዘግተውታል።»

ቪርቬ ሪሆን ቢሮው ሄዳ አነጋገረችው። ትሑት ሰው ነው፤ ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። እንደሚለው፣ ረቡዕ ከሥራ ሲመለስ ለተማሪዎቹ የገዛውን ኬክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ሰው ስላጣ ወዲያው ወጥቷል። ሳውናውንም በዓይኑ አይቶት እንደማያውቅ ነገራት። አሻራውን እንዲሰጥ ስትጠይቀው ሳያንገራግር ሰጠ። ይህን እያወሩ መስኮቱን ሊዘጋ ብድግ አለ፤ ከመነሳቱ በፊት ግን ጣቶቹ ኮምፒውተሩን ቆለፉት። ክፍሉ ውስጥ ያለችው ቪርቬ ብቻ ናት።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለ አፈር ብሎ። «በእኛ ዘንድ ሳይቆልፍ የተነሳ ለሁሉም ኬክ ይገዛል።»

«ታኔልስ?»

«እሱማ ሲገዛልን ነው የከረመው። መቆለፍ የሚባል ነገር አልገባው አለ።»

ዓርብ ረፋድ ላይ ኬርሊን ወጥ ቤት ውስጥ አስቀመጠቻት። ልጅቷ ሌሊቱን አልተኛችም። ቪርቬ የታኔልን ኮምፒውተር ለመክፈት የፖሊስ የኮምፒውተር ባለሙያው መቸገሩን እንደ ዋዛ አነሳችባት።

«ለምን ተቸገረ?»

«ተቆልፎ ነበራ። መልእክቱ እንደተላከ፣ በእጅ።»

«ማን ቆለፈው?» አለች ኬርሊ። «ከተቆለፈ እኮ ሥራው ይቆማል።»

ቀስ እያለች አስረዳቻት። ሪሆ ከድርጅቱ ለልምምድ የሰጣቸውን፣ ወደ ሰርቨሩ ማን መቼ እንደገባ የሚያሳይ አሮጌ መዝገብ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን በእሱ፣ ግማሹን በእሷ ኮምፒውተር እያስፈተሹ ነበር። ከማመልከቻው ጋር የሚገባው የጋራ ሥራቸው ይኸው ነው። የታኔል ማሽን አሮጌ በመሆኑ ሲቆለፍ ይተኛል፤ የሳምንት ድካማቸውም አብሮ ገደል ይገባል። ስለዚህ እንደተከፈተ ትተውት፣ የኬክ ቅጣቱንም ለጊዜው አንስተው ነበር።

«ሪሆ ይህን ያውቃል?»

«አልነገርነውም። በዚያ ማሽን መታገላችንን ከሰማ ይስቅብናል።»

ቪርቬ ጉልበቷን ረስታ ተነሳች።

ከሰዓት በኋላ ኬርሊን፣ ሄልዩንና ሪሆን በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ባለሙያው በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ታኔል ኮምፒውተሩን አልቆለፈም» ብላ ጀመረች። «ቆልፎ አያውቅም፤ በዚህ ሳምንትማ ጭራሽ አይቆልፍም። መልእክቱን የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ወይዘሮ ሄልዩ፣ እርስዎ ኮምፒውተር መቆለፍ ይችላሉ?»

«እኔ? ክዳኑን ነው የምደፋው።»

«ኬርሊ መቆለፍ ትችላለች። ግን ብትቆልፈው የምታጠፋው የራሷን ማመልከቻ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ሳይቆልፍ መነሳት የማይሆንለት፣ ያ ማሽን መቆለፍ እንደሌለበት ደግሞ ያልሰማ ሰው ነው።»

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» አሉ ሄልዩ ለራሳቸው።

ሪሆ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ኢንስፔክተር፣ ላም ባልዋለበት ኩበት አይልቀሙ። ታሊን ውስጥ እንደኔ የሚቆልፍ ስንት ሺህ ሰው አለ።»

«አለ። የሳውናው መዝጊያ እጀታ ላይ፣ ጥቀርሻው ውስጥ ያገኘነው አሻራ ግን የእርስዎ ነው። ሳውናውን አይቼው አላውቅም ብለውኛል።»

ቪርቬ ምክንያቱንም ነገረችው። የኬርሊ ግማሽ ቀትር ላይ ፍተሻውን ጨርሷል፤ ባለሙያው ከጀርባዋ ቆሞ አይቷል። አምና ከሪሆ ድርጅት ሰርቨር የአንድ ክሊኒክ ሕመምተኞች መረጃ ተሰርቆ ተሸጦ ነበር። መዝገቡ እንደሚያሳየው ወደ ሰርቨሩ የተገባው በራሱ በሪሆ ፓስወርድ ነው። ታኔልም ይህንኑ ከራሱ ግማሽ ላይ ቀድሞ አይቶ ኖሯል።

«ዱካዬን ከመዝገቡ ጠርጌዋለሁ ብዬ ነበር» አለ ሪሆ። «ታኔል፣ መምህሬ ስለሆንክ እስከ ሰኞ እጠብቃለሁ፣ ራስህ ተናገር አለኝ። ቢራ ጠጥቶ እዚያው ሳውናው ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ መዝጊያውን ብቻ ነው የገፋሁት።»

መዝጊያውን ብቻ! ቪርቬ በሥራ ዘመኗ ይህን «ብቻ» ስንቴ እንደሰማች አታውቅም። ሰውየውን አስወሰደችው።

ሁለቱ ሴቶች ሲቀሩ፣ አሁን ደግሞ የኬርሊን ኮምፒውተር መውሰድ ነበረባት። እዚያ ያለው ግማሽ መዝገብ ባይኖር የሪሆ ጠበቃ፣ ደንበኛዬ ሳውና ገብቶ ወጥቷል፣ ሊገድል ምን ምክንያት አለው ብሎ ይከራከራል። ማመልከቻው የሚዘጋው ግን ዛሬ ነው፤ የተረፈው የሥራዋ ግማሽም ያለው እዚያው ውስጥ ነው።

«እኔ መኪናው ጋ ልቆይ» አለች ቪርቬ መስኮቱን እያየች። «አንቺ ሥራሽን ላኪ። አላየሁም።»

ኬርሊ ኮምፒውተሩን አየችው። እጇ ተነሳ፤ ተመልሶ ጭኗ ላይ አረፈ።

«ከነካሁት ጠበቃው ኬርሊ ናት የጨመረችበት ይላል» አለች። «እኔ ነኝ የተጠረጠርኩት። ሪሆ በእኔ ምክንያት ይፈታል። እንዳለ አሽጉት።»

ባለሙያው አሽጎ ወሰደው።

«ለከርሞ ታመለክቻለሽ፣ ልጄ» አለች ቪርቬ።

«አመለክታለሁ» አለች ኬርሊ። «ታኔል ግን ከርሞ የለውም።»

ከሐሙስ ጀምሮ እንባ ያልወጣት ልጅ ያን ጊዜ አለቀሰች። ሄልዩ ወንበራቸውን አስጠግተው አቀፏት። ውጭ መኪናው ሞተሩ ተነስቶ ይጠብቃል፤ ቪርቬ ግን ካፖርቷን ሳታወልቅ አጠገባቸው ተቀመጠች።