የአገዳውን ሰው ማን አለበሰው?

አንባቢ ሆይ፤ ውሻህን ማንን እንዲነክስ አስተማርኸው? «ሌባን» ብለህ አትመልስልኝ። ሌባ በግንባሩ ላይ አልተጻፈበትም፤ ውሻም ፊደል አልቆጠረም። ውሻ የሚያውቀው ያሳየኸውን ልብስ፣ ያስሸተትኸውን ጠረንና ያቀመስኸውን አለንጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬን እደግመዋለሁ፤ ማንን?

በሺህ ዘጠኝ መቶ ኀምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ታኅሣሥ፣ የሮቢ ወንዝ ቀጥኖ ጠጠሩ ከውኃው በልጦ በሚታይበት ሰሞን፣ የቀወት ማሽላ ታጭዶ በየዐውድማው ተከምሮ ነበር። በዚያው ወር በአዲስ አበባ የክቡር ዘበኛ ጦር በዙፋኑ ላይ ተነሣ፤ ግርግሩ በጥቂት ቀናት ቢበርድም፣ ወሬው በደሴ መንገድ ከጭነት መኪና ጋር ወደ ሸዋ ሮቢት ወረደ፤ በየመንደሩም ሲደርስ እየወፈረ ሄደ። የሸሹ ወታደሮች በቆላው ገብተዋል ተባለ፤ ጠመንጃ እንደ አገዳ ተበትኗል ተባለ፤ ከብት ከየበረቱ ጠፋ፤ ይህኛው ግን ወሬ ብቻ አልነበረም።

ታኅሣሥ ሃያ ቀን የአገሩ ጭቃ ሹምና አጥቢያ ዳኛ ባላምባራስ ገብረሚካኤል ሕዝቡን በዋርካው ሥር ሰበሰቡ። ወፍራም፣ ድምፀ መልካምና ቀልድ አዋቂ ሰው ነበሩ፤ ሰውን እያሣቁ የሚገዙ።

«ሌባው ከየት እንደሚመጣ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም ዐውቃለሁ» አሉ። «ሽርጥ ለባሽ ነው! ታዲያ ውሻችሁ ምን ይሠራል? ያልሠለጠነ ውሻ ማለት ጮኾ የሚበላ ድመት ነው!»

ሕዝቡ ሣቀ። ባላምባራሱ ከኋላቸው ጠመንጃውን ተደግፎ የቆመውን ነጭ ለባሽ አሽከራቸውን ወርቁን አመለከቱ። «ወርቁ በየቤታችሁ ይዞራል፤ ያሠለጥንላችኋል። እምቢ ያለ ከብቱ ሲጠፋ እኔ ዘንድ አቤት እንዳይል!»

ከሚስቁት መካከል ወልደማርያም የሚባል ገበሬ ነበረ፤ የባላምባራሱ ጭሰኛ። ንብረቱ አንድ ቦራ በሬ ብቻ ነበር። በአንድ በሬ አይታረስምና የወንዝ ማዶ ጎረቤቱ ሷሊሕም አንድ በሬውን ያመጣ ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ቀንበር ጠምደው የሁለቱንም ማሳ በፈረቃ ያርሱ ነበር። ሷሊሕ የአርጎባ ሰው ነው፤ በበጋ ጨርቅ ይዞ አሊዩ አምባ ገበያ ይወጣል፤ በክረምት ያርሳል። ሁለቱን ሰዎች ከመቀናጆው ይልቅ የሚያስተሳስራቸው ግን ሌላ ነበር፤ ክርስቲያኖቹ ለበዓል ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሷሊሕ መጥቶ በወልደማርያም ደጃፍ ተቀምጦ ቤቱን ይጠብቃል፤ በዒድ ቀን ደግሞ ወልደማርያም የሷሊሕን ከብት ያግዳል። ከአያቶቻቸው የወረሱት ነው፤ አንዱ ሌላውን ለምኖት አያውቅም፤ ለምኖት ቢሆን ኖሮ ስድብ ነበር።

የወልደማርያም ውሻ ዳማ ይባላል፤ እንደ ስሙ ቀይ ነው። እንግዳ ሲመጣ ይጮኻል፤ «ተው!» ሲባል ይተዋል። ሷሊሕ ከበሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» ይላል፤ ዳማ ጭራውን እየቆላ ሲሮጥለት ደግሞ ልብሱን ሰብስቦ «ከዚያው! ከዚያው! ምራቅህ ሰባት ጊዜ ያስታጥበኛል!» እያለ አጥንት ከሩቅ ይወረውርለታል።

የወልደማርያም ሚስት ከበቡሽ እርጉዝ ነበረች፤ የባላምባራሱን ትእዛዝ ስትሰማ ተቆጣች።

«ኧረ አንቱ ሰው! ውሻ እኮ ሥራው ሰው መጣ ብሎ መንገር ነው፤ ፍርዱ የባለቤቱ ነው። አሁን ፍርዱንም ለውሻ ልትሰጡት ነው?»

«ሌባ ፍርድ እስኪሰጠው ቆሞ ይጠብቃል? በሬዬ ከሄደ ምን ልትበዪ ነው?»

«ቤታችንን ሷሊሕ እየጠበቀው ስንት ዓመት ኖርን!»

ወልደማርያም የተረታ ባል የሚያደርገውን አደረገ፤ ጮኸባት።

ወርቁ በማግሥቱ መጣ። የማሽላ አገዳ አስሮ ቁመቱ የሰው ያህል የሆነ ምስል ሠራ፤ የምስሉን ራስ በጆንያ ጠቀለለ፤ በአንገቱ ዙሪያም የበግ ሞራ ሰፋበት። ከዚያ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ አሮጌ ሽርጥ ይስጡኝ» አለ።

በቤቱ አንድ ሽርጥ ብቻ ነበረ፤ ሷሊሕ ባለፈው ዓመት የማሽላ ዘር ቋጥሮበት ያመጣው።

«ይሄማ የሰውየው ነው!» አለች ከበቡሽ። «ጠረኑ አለበት!»

«ታጥቧል» አለ ወልደማርያም።

«ውሻ በሳሙና አይታለልም!»

ወልደማርያም ሽርጡን ከተሰቀለበት በገዛ እጁ አውርዶ ለወርቁ ሰጠ።

ዳማ ቀን ቀን በጨለማ ጉድጓድ ተዘጋ፤ ምግቡ ላይ በርበሬ ተነሰነሰ። ከጉድጓዱ ሲወጣ ሽርጥ የለበሰው የአገዳ ሰው ይጠብቀዋል፤ ወርቁ ከምስሉ ኋላ ተደብቆ ደም እስኪፈስ በአለንጋ ይገርፈዋል። ውሻው ግርፋቱ ከሽርጡ የሚመጣ መሰለው። ከዚያ «ያዝ!» ይባላል፤ ዘሎ አንገቱን ሲዘነጥል ሞራውን ያገኛል፤ ወርቁም ወጥቶ ያሻሸዋል፣ ሥጋም በእጁ ያጎርሰዋል። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ። ዐሥራ አንድ ቤት ያሉ ዐሥራ አንድ ውሾች በአንድ ሰው እጅ ይህንኑ ተማሩ፤ ዐሥራ አንዱም ወርቁን እንደ ጌታቸው ወደዱት፤ ይህን ልብ ያለ ባለቤት አንድም አልነበረም። እናንተ ጥበበኞች! የቤታችሁን ቁልፍ ለአሽከር ሰጥታችሁ በሩን ስለ መቆለፋችሁ ተኩራራችሁ!

ሷሊሕ ከአሊዩ አምባ ሲመለስ እንደ ልማዱ በበሩ ቆሞ ተጣራ። ዳማ ሰንሰለቱን ሊበጥስ ደረሰ፤ አረፋ ደፈቀ።

«ምነው ዳማ! ዛሬ ሃይማኖቴን ትጠይቀኝ ጀመር?» ብሎ ሣቀ። ከዚያ የአገዳውን ሰው አየ። ሣቁ ቆመ።

«ወልደማርያም፣ ያ ሽርጥ የኔ ይመስላል።»

«የሁሉም ሽርጥ አንድ ነው» አለ ወልደማርያም መሬት መሬት እያየ።

«እንግዲያ የሁላችንም ነዋ» አለ ሷሊሕ፤ ደጁን ሳይረግጥ ተመለሰ።

ጥር ሃያ አንድ የማርያም በዓል ደረሰ። መንደሩ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። ከበቡሽ ከወለደች ገና ሁለት ሳምንቷ ስለነበረ ከሕፃኑ ጋር በጓዳ ቀረች። ወልደማርያም ሲወጣ ውሻውን ፈታው። በዚያ ዓመት ቤት ጠባቂ አላስፈለገውም፤ «አትምጣ» ብሎም ወደ ሷሊሕ አልላከም። ያልተለመነ ሰው የሚከለከል አልመሰለውም። ሷሊሕም ተቀይሞ ነበር፤ ግን በአንድ ብጣሽ ጨርቅ የተነሣ የአያቱን ወግ የሚያፈርስ ሰው አልነበረምና መጣ፤ ከአጥሩ ውጭ ከግራር ጥላ ሥር ተቀመጠ።

ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ ወርቁ በጓሮ በኩል ገባ። አልተጣራም፤ መጣራትም አላስፈለገውም። ዳማ ሮጠ፤ ጭራውን ቆላ፤ እጁን ላሰ። ወርቁ ቦራውን በሬ ፈታ።

«ወርቁ! የማንን በሬ ነው የምትፈታው?» ሲል ሷሊሕ ከአጥሩ ማዶ ጮኸ።

«የጌታዬ ትእዛዝ ነው፣ ዞር በል!»

«ጌታህ በማርያም ደጅ እየሰገዱ የጭሰኛ በሬ አስፈቱ? ወላሂ አትወስደውም!» ብሎ በሩን ገፍቶ ገባ። «ከበቡሽ! ውሻ ያዥ!»

ወርቁ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ። «ያዝ!» አለ።

ዳማ እንደ ተማረው አደረገ። እግር አልነካም፤ እጅ አልነካም፤ ዘሎ አንገቱን ያዘ። ሰውየው በጀርባው ወደቀ፤ ዱላው ከእጁ ተፈናጠረ፤ በሁለት እጁ የውሻውን መንጋጋ ሊፈለቅቅ ታገለ፤ ጣቶቹ በጥርሱ ተበጣጠሱ። ውሻው እንደ ሞራው ዘነጠለ፤ ደም በዐውድማው ላይ ባለው ማሽላ ላይ ተረጨ። ከበቡሽ ወገቧን እንኳ ሳታስር ዘነዘና ይዛ ወጣች፤ «ተው ዳማ! ተው!» አለች፤ ዳማ ግን «ተው» የሚለውን ቃል አስረስተውት ነበር። በዘነዘናው አናቱን መታችው፤ አለቀቀም። ደገመችው። በሦስተኛው ራስ ቅሉ ተሰበረ፤ መንጋጋው ግን ከሞተም በኋላ እንደ ነከሰ ቀረ፤ እያለቀሰች በጣቷ ፈለቀቀችው። ቀና ስትል ወርቁ በሬውን እየነዳ ከጉብታው ኋላ ሲሰወር አየችው።

በሦስተኛው ቀን ሷሊሕን በቃሬዛ ተሸክመው በዋርካው ሥር አቀረቡት። ጉሮሮው ተበጥሷልና ድምፅ አልነበረውም። በተበጣጠሰ ጣቱ ወርቁን አመለከተ።

«ምሕረት ሲለምን ነው» አሉ ባላምባራስ ገብረሚካኤል። «ውሻው ሽርጥ ለባሹን ሌባ ያዘ፤ ግብረ አበሩ በሬውን ይዞ አመለጠ። ነገሩ ግልጽ ነው።»

የሷሊሕ ሚስት ጣይባ ተነሣች። «ጌታዬ፣ ባሌ ቤት ሊጠብቅ ነው የሄደው። ከበቡሽ ዐይታለች፤ ቃሏን ልካለች!»

«የአራስ ቃል! በትኩሳት የተነገረ!»

ጣይባ ከጉያዋ የተቦጫጨቀውን ሽርጥ አወጣች፤ ከአገዳው ሰው ላይ ገፍፋ ያመጣችው ነው። በሰዉ መካከል ወረወረችው። «እንግዲያ ይህን ለአገዳው ሰው ያለበሰው ማነው? ይናገር!»

ሰው ሁሉ ወልደማርያምን አየ። ባላምባራሱ ጠያቂ ከመብዛቱ በፊት ራሳቸው ጠየቁ።

«ወልደማርያም፣ ይህ ሰው በማርያም ዕለት ቤትህን እንዲጠብቅ አዘኸው ነበርን? አዎን ወይም የለም በል።»

ወልደማርያም የሚያርሰውን የባላምባራሱን መሬት አሰበ፤ ጓዳ ያለውን ሕፃን አሰበ፤ ሽርጡን ያወረደበትን እጁን በጋቢው ሸሸገ።

«አላዘዝሁትም ጌታዬ» አለ።

ቃሉ እውነት ነበር። በዚያ ቀን በቀወት ከተነገረው ሐሰት ሁሉ የከፋው ሐሰት ይህ እውነት ነበር። ሷሊሕ ፊቱን ወደ ጓደኛው አዞረ፤ ረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ ዐይኑን ጨፈነ። የመግሪብ ሶላት ሳይደርስ ሞተ። ጣይባ ውሻው የነከሰውን ቁስል ሰባት ጊዜ አጠበችው፤ አንዱን ጊዜ በዐፈር። ከዚያም በሬዋን ነድታ አሊዩ አምባ ወደ ወገኖቿ ሄደች። ወልደማርያም በመጣው ክረምት መሬቱን በዶማ ቆፈረ። ቦራው በሬ በሚያዝያ ከባላምባራሱ ቀንበር ሥር ታየ፤ ሁሉም አየው፤ ማንም አየሁ አላለም።

የዚያን ዓመት ታኅሣሥ ታሪክ አልረሳውም፤ ማን እንደ ተነሣ፣ ማን እንደ ወደቀ፣ ማን እንደ ተሰቀለ ተጽፏል። የጥር ወሩ ነገር ግን በአጥቢያው መዝገብ አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ «ሷሊሕ የተባለ ሌባ ሰው ቤት ሲገባ በውሻ ተነክሶ ሞተ።» ባላምባራሱ በፍትሐት ተቀብረዋል፤ ወርቁም ከአገር ጠፍቷል። በወልደማርያም ግቢ ከዚያ ወዲህ ውሻ የለም፤ እንግዳ «ውሻ ያዙ!» ሲል ከበቡሽ ራሷ ወጥታ «የለንም፣ ይግቡ» ትላለች።

ዛሬ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ያ የአጥቢያ መዝገብም አሁን በእኔ እጅ ነው። ወልደማርያም፣ አንተ ግን በሕይወት አለህ። የሚያስፈራህ ጭሰኝነት እንጂ ውሻ አይደለም፤ ያንንም ዐውቃለሁ፤ አልምርህም። በመጪው የጥር ማርያም፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በዋርካው ሥር ቁም። ጣይባ ልጆቿን ይዛ ከአሊዩ አምባ ትመጣለች። ባላምባራሱ የጠየቁህን አልጠይቅህም። የምጠይቅህ እሷ የጠየቀችውን ነው፤ መዝገቡ ላይ የሚጻፍ ነውና በጋቢህ የሸሸግኸውን እጅ አውጥተህ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮኸህ መልስ፤ የአገዳውን ሰው ማን አለበሰው?