አሥራ ሰባተኛው ፍሬ

ሻሂን ኤፌንዲ የሞተው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ሪሃኒያ በሙሉ ለሙቀቱ እጁን ሰጥቶ በተኛበት ሰዓት ነው። ያገኙት የንጉሡ ዛፍ ከሚባለው ማንጎ ሥር፣ በአፍ ጢሙ ተደፍቶ ነበር። ቀይ ቆቡ፣ ታርቡሹ፣ ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ተንከባሏል፤ አጠገቡ የአትክልተኛው ዶማ ደም ነክቶት ተጥሏል።

መርማሪው ዋጊህ ከጣንታ ከተማ የደረሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። አጭር፣ ቦርጫም፣ ኪሱ ሁልጊዜ በተቆላ የዱባ ፍሬ የተሞላ ሰው ስለሆነ ያየው ሁሉ ለልቅሶ የመጣ ዘመድ ይመስለው ነበር። ከአስከሬኑ አጠገብ ተንበርክኮ ቁስሉን አየት አደረገና እጆቹን እያገላበጠ ብዙ ቆየ። በቀኝ አውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ላይ ታጥቦ ያልለቀቀ ቀለም ነበር።

«ጸሐፊ ነበር እንዴ?» ሲል ጠየቀ።

«የፍራፍሬው ኃላፊ ነበር» አለ ኒያዚ ቤይ። «ብዕር ከሚይዝ መጋዝ ቢይዝ የሚመርጥ ሰው ነው። አሁን ምን ቀረን? ገዳዩ ታስሯል፤ ፈርመህ ውሰደው።»

ኒያዚ ቤይ የንጉሡን ርስት ከሚያስተዳድረው የካይሮ መሥሪያ ቤት የተላከ ሹም ነው። ሪሃኒያ የዘውዱ ንብረት ነው፤ መሬቱም፣ ቦዩም፣ በሬውም፣ ሠራተኛው የሚያድርበት ቤት ሳይቀር። ከጥጡና ከፍራፍሬው የተገኘው ሀብት ካይሮ ላይ ሕንፃና አክሲዮን ይሆናል፤ ያንን በሚወስኑት ሰዎች መካከል አንድ ወንበር ያገኘ ሰው ቤይ ተብሎ ይሞታል። ሪሃኒያ የቀረ ግን ኤፌንዲ እንደተባለ ይቀበራል። በዚህ ዓመት ወንበሩ ለሻሂን እንደሚሰጥ ወሬው ከደረሰ ወር ሆኖታል፤ ወሩን ሙሉ ግቢው ውስጥ ጥሩ እንቅልፍ የተኛ ሰው የለም።

ርስቱ አንድ የቆየ ደንብ አለው። የመጀመሪያው ቅርጫት ቤተ መንግሥት ሳይገባ ማንም ሰው ማንጎ አይቀምስም፣ አይነካምም። የንጉሡ ዛፍ በዚያ ዓመት ሃያ አራት ፍሬ ይዞ ነበር። እያንዳንዱ ፍሬ ቁጥር በተጻፈበት የሻሽ ከረጢት ታስሮ፣ ቅርጫቱ ወደ ካይሮ የሚሄድበትን ሐሙስን ይጠብቃል። ማክሰኞ አስከሬኑ ሲነሣ አሥራ ሰባተኛው ጠፍቷል። ዘበኞቹ ሲፈትሹ ዋናው አትክልተኛ ሚትወሊ ከአጥሩ ውስጥ ቀን በሚያርፍበት ጎጆ፣ ከነከረጢቱ ፍራሹ ሥር አገኙት። ሽማግሌው ሲሰርቅ ተያዘ፣ የያዘውን ገደለ፤ ነገሩ ለኒያዚ ቤይ ይኸው ነበር። የዘውዱ ቤት የሌባ ቤተሰብ አያስጠልልምና ሐሙስ ቀትር ላይ ሚስቱ፣ ልጁና የልጅ ልጁ እንዲወጡ አዟል።

ዋጊህ መጀመሪያ የጠየቀው በሮቹን ስለሚጠብቁት ሰዎች ነበር። በዕረፍት ሰዓት ከፍራፍሬው አጥር ውስጥ የነበሩት ከሟቹ ሌላ ሦስት ብቻ መሆናቸውን ዘበኞቹ ማሉ፤ ሚትወሊ፣ የሻሂን ምክትል ዒስመትና የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ሩሽዲ።

ሩሽዲ ከሻሂን ጋር አንድ ሰሌዳ ላይ ቁርአን የተማረ የልጅነት ጓደኛ ነው። መርማሪው ፊት ሲቀርብ እንባው በሁለቱም ጉንጮቹ እየወረደ ነበር፤ ጠዋት ተላጭቶ ስለነበር ለስላሳ ፊቱ ላይ ጠብታዎቹ ሳይቆሙ ይንሸራተቱ ነበር። ዋጊህ የዱባ ፍሬውን መቆርጠሙን ትቶ ማልቀሻ ጊዜ ሰጠው።

«ወንድሜ ነበር» አለ ሩሽዲ። «ደብዳቤውን ሁሉ የምጽፍለት እኔ ነኝ። ለካይሮ የላከውን ማመልከቻ እንኳ በእኔ እጅ ነው የተጻፈው። ሻሂን ዛፍ ያናግር ነበር እንጂ ወረቀት አይሆንለትም።»

«አንተስ ዛፉን ታውቃለህ?»

«እኔ? ሃያ ዓመት ወንበር ላይ ነኝ። ማንጎ የማውቀው ሳህን ላይ ነው።»

ከዚያ ዋጊህ ሚትወሊ ወደታሰረበት ጎተራ ሄደ። አጎት ለማለት ልጅ አዋቂው ዓም ሚትወሊ ይለዋል። ዋጊህ ፍሬውን ከከረጢቱ አውጥቶ ፊቱ አስቀመጠው። ሽማግሌው እንደታሰረ ጎንበስ ብሎ አነሣው፤ አናቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ፍሬው ከቅርንጫፉ የሚንጠለጠልበት ጭራ አልነበረም፤ በቦታው ጎድጎድ ያለ ቁስል፣ ከቁስሉ ወደ ታች የደረቀ ጥቁር መስመር ነበር።

«ማነው እንዲህ የነጨው?» አለ። የታሰረበትን የረሳ ይመስል ነበር። «ጭራው የታለ? ይህ ለንጉሥ አይደለም፣ ለፍየልም አይሰጥም።»

«አንተ ነህ የቆረጥከው ይላሉ።»

«ይበሉ።» ፍሬውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። «ጌታዬ፣ እኔን ውሰደኝ፤ ዕድሜዬ ሄዷል። ቤቱን ግን አስተውልልኝ። ሐሙስ የልጄ ልጅ ሰባተኛ ቀኑ ነው። በሰባተኛ ቀኑ ሜዳ ላይ የተጣለ ሕፃን ምን ዕድል ይገጥመዋል?»

ዋጊህ ምንም ቃል አልሰጠውም። ቃል ሰጥቶ የማይፈጽም ሰው አይወድም፤ እስካሁን ደግሞ በእጁ ያለው አንድ የተነጨ ማንጎና የቀለም እድፍ ብቻ ነው።

ዒስመት ግን ሌላ ዓይነት ሰው ሆኖ ተገኘ። ረቡዕ ጠዋት መርማሪው ሲገባ ባቄላውን በዘይትና በሽንኩርት እያጣጣመ ነበር፤ ለሐዘኑ ሲል እንኳ አንድ ጉርሻ አልቀነሰም። የእርሻ ትምህርት ቤት ዲፕሎማውን ከጀርባው ሰቅሎታል።

«ትጠላው ነበር አሉ» አለ ዋጊህ።

«ቀናሁበት። መጥላትና መቅናት አንድ አይደለም። እኔ ተምሬ ያላገኘሁትን ወንበር ሳይማር ሊያገኝ ነው፤ ለምን አልቀና? በቅናት ሰው የሚገደል ቢሆን ኖሮ ጌታዬ፣ ይህ ግቢ ዛሬ ለቁራ ነበር የሚቀረው። እኔ ደግሞ ቅናቴን በአደባባይ ነው የማወራው፤ ሲወጣ ይቀለኛል።»

«የማያወራው ማነው?»

ዒስመት እንጀራ የሚያህለውን ዳቦ ቆረሰና ጥቂት አሰበ። ባለፈው ሳምንት ሻሂን በሩን ዘግቶ ሁለት ቀን ሲጽፍ እንደሰነበተ፣ ሩሽዲ ድንገት ሲገባ ወረቀቱን በክንዱ እንደሸፈነ ነገረው። «ሩሽዲ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ሳቅኩ። ሚስትህ ልትፈታህ ነው የሚመስለው አልኩት። ቀልዱን አልወደደውም።»

ዋጊህ ሊወጣ ሲል ከመስኮቱ ውጭ አንድ ሠራተኛ ከተራው ዛፍ ላይ የወደቀ ጥሬ ማንጎ ሊያነሣ አጎነበሰ። ዒስመት ዳቦውን ትቶ በመስኮቱ ጮኸበት፤ ከአናቱ የሚፈሰው ወተት ሳይደርቅ እንዳይነካው፣ ነክቶት ከሆነም እጁን ቶሎ እንዲታጠብ። ዋጊህ በሩ ላይ ቆሞ ሰማው፤ ከዚያ አመስግኖ ወጣ።

በዚያው ቀን ወደ ማታ ከለቅሶው ድንኳን ገብቶ ከለቀስተኞቹ መካከል ተቀመጠ። ሩሽዲ ፊት ለፊቱ ነበር። በግራ ጉንጩ ላይ ጥጥ ለጥፏል። ምን እንዳገኘው ሲጠየቅ ማክሰኞ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ በምላጭ እንደቆረጠው ተናገረ። ከጥጡ ዙሪያ ከማክሰኞ ጠዋት ወዲህ ያልተላጨ ጺም አቆጥቁጧል። ዋጊህ አላህ ያጽናህ ብሎት ተነሣ፤ ያን ሌሊት በደንብ ተኛ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሁሉንም በማሸጊያው መጋዘን ሰበሰባቸው። መካከሉ ላይ ሻሂን ማክሰኞ ጠዋት በገለባና በነጭ ጨርቅ ራሱ ያሰናዳው የንጉሡ ቅርጫት ተቀምጧል። ውጭ በአህያ ጋሪ ላይ የሚትወሊ ፍራሽ፣ ድስትና ሕፃኑ በሰባተኛ ቀኑ የሚወዘወዝበት ወንፊት ተጭነዋል። ሚስቱ ሰቲታ የልጅ ልጇን አቅፋ የጋሪውን ጎማ ተደግፋ ቆማለች። ኒያዚ ቤይ የኪስ ሰዓቱን ሦስት ጊዜ አየ።

«አላስቆያችሁም» አለ ዋጊህ። «ከፍሬው ልጀምር። ጭራ የለውም። ዓም ሚትወሊ፣ ማንጎ እንዴት ነው የሚቆረጠው?»

«ጣት የሚያህል ጭራ ትተህ በመቀስ» አለ ሽማግሌው። «ከዚያ አናቱን ዘቅዝቀህ ወተቱን ታንጠባጥባለህ። ከሥሩ ከመነጨከው ይተፋብሃል። የተፋበት ቆዳ ይቃጠላል፤ ግን ወዲያው አይደለም፣ በማግሥቱ ነው።»

«አርባ ዓመት እንዲህ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ለመስረቅ ሲል የእጁን ልማድ አይረሳም። ስለዚህ ፍሬውን የነጨው ሚትወሊ አይደለም። ያልነጨውን ደግሞ ፍራሹ ሥር አልደበቀውም፤ ሌላ ሰው አስቀመጠለት እንጂ። ያ ሰው ሻሂንን በሽማግሌው ዶማ የመታው ነው፤ ፍሬው ያስፈለገው ሌባ እንዲያስመስልለት ነው። አሁን ሁለት ሰው ቀረ።»

ዒስመት ጉሮሮውን ጠረገ። ዋጊህ ሳያየው ቀጠለ።

«ዒስመት ኤፌንዲ ትናንት ዳቦውን ጥሎ ሠራተኛውን ከማንጎ ወተት ሲያድን ሰምቻለሁ። እንደዚህ የሚፈራ ሰው ፍሬ በእጁ አይነጭም። የቀረው ማንጎን ሳህን ላይ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ሩሽዲ ኤፌንዲ፣ ጥጡን አንሣው።»

«ምላጭ ነው ብያለሁ» አለ ሩሽዲ።

«ማክሰኞ ጠዋት የቆረጠህ ምላጭ ነው ብለሃል። እኔ ግን ማክሰኞ ማታ ፊት ለፊትህ ነበርኩ። እንባህ በሁለቱም ጉንጮችህ ሲወርድ አይቻለሁ፤ አንድ ጭረት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ለጓደኛህ ሐዘን ተቀምጠሃልና ምላጭ አልነካህም፤ ጺምህ ይመሰክራል። ታዲያ የትኛው ምላጭ ነው?»

ዓም ሚትወሊ ነው ታስሮ የነበረውን እጁን ዘርግቶ ጥጡን ቀስ ብሎ ያነሣው። ከሥሩ የጠቆረ፣ ውሃ የቋጠረ፣ ከጉንጩ ወደ መንጋጋው እንደተረጨ የወረደ ቃጠሎ ነበር። ሽማግሌው እንዲህ ያለውን በአዳዲስ ሠራተኞች ላይ ስንት ጊዜ አይቶታል። ራሱን ነቀነቀ።

ሩሽዲ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር፤ ምናልባት ለሃያ ዓመት ሲጠብቀው የነበረ ንግግር ስለሆነ ይሆናል።

«ሦስት ሰው በብዕሬ ካይሮ ልኬአለሁ» አለ። «ሦስቱም ሲሄዱ ጀርባዬን መታ መታ አድርገው፣ ጽሕፈትህ ያምራል ብለውኝ ሄዱ። አራተኛው ሻሂን ነው። እሱ እንኳ ይሁን አልኩ፤ ወንድሜ ነው። ከዚያ ተደብቆ መጻፍ ጀመረ። ከእኔ ደብቆ! ለዒስመት ነው የሚጽፈው፣ ዒስመትን ይዞ ሊሄድ ነው ብዬ ሁለት ሌሊት ተቃጠልኩ። ማክሰኞ ዛፉ ሥር ጠየቅኩት። ሐሙስ ታየዋለህ አለኝና ሳቀ። ሳቀብኝ።»

«በጣቱ ላይ የነበረው ቀለም የዚያ ደብዳቤ ነው» አለ ዋጊህ። «ክፍሉን ፈትሼ አጣሁት። ሐሙስ ታየዋለህ ካለ ሐሙስ የሚሄደው ነገር አንድ ብቻ ነው።»

ወደ ቅርጫቱ ሄዶ ነጩን ጨርቅ ገለጠ፤ እጁን በገለባው ውስጥ ሰደደና የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ለኒያዚ ቤይ ሰጠው። ፊደሉ እንደ ጉንዳን ሰልፍ የተበታተነ ስለነበር ቤዩ እየተደናቀፈ አነበበው።

«ለካይሮው ወንበር የሚገባው ሩሽዲ ኤፌንዲ ነው። እኔ ዛፍ እንጂ ወረቀት አላውቅም፤ ሃያ ዓመት የኔ ነው ብላችሁ ያነበባችሁት ሁሉ የሱ ነው። እኔን እዚሁ ከማንጎዎቼ ጋር ተውኝ። ይህችን ብቻ በገዛ እጄ ጻፍኳት፤ ለሱ ብነግረው ስለራሴ አልጽፍም ብሎ እንቢ ይለኛል።»

ሩሽዲ ወረቀቱን እንዲሰጡት እጁን ዘረጋ። ሰጡት። አንብቦ ሲጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረ፤ ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ። በሪሃኒያ ስለ እሱ የተጻፈ የመጀመሪያው ደብዳቤ ነበር። በዚህ ጊዜ ሲያለቅስ እንባው ቁስሉ ላይ ደርሶ አቃጠለው፤ አልጠረገውም።

ኒያዚ ቤይ ሰዓቱን ኪሱ ከተተ። ይቅርታ የሚባል ቃል አልወጣውም፤ ሹሞች ቶሎ አይወጣቸውም። አሥራ ሰባተኛው ስለጎደለ ሃያ ሦስቱ ፍሬ ቶሎ እንዲቆረጥ ብቻ አዘዘ። ዋጊህ መንገዱን ዘግቶበት በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሪው መጀመሪያ ይራገፋል» አለው። «ዛፉን የሚያውቀው ሰው ቤቱ ሳይመለስለት መቀስ አይይዝም። የንጉሡ ቅርጫት ዘገየ ቢሉህ በእኔ አሳብብ።»

ዘበኞቹ ራሳቸው ፍራሹን ተሸክመው ገቡ። ሰቲታ ግን ወንፊቱን ለማንም አልሰጠችም፤ ሕፃኑን ውስጡ አስተኝታ በደጃፏ ወዘወዘችው፤ ከምቀኛ ዓይን እንዲጠብቀውም በግራ በቀኙ ጨው በተነች።

ሩሽዲን ይዘው ሲያልፉ ሚትወሊ ከንጉሡ ዛፍ ሥር ነበር። የመጀመሪያውን ፍሬ ጣት ከሚያህል ጭራው ጋር በመቀስ ቆረጠው፤ ዘቅዝቆ ያዘው፤ ወተቱ ጠብ ጠብ እያለ ሣሩ ላይ ወረደ። ሩሽዲ ቆመ፤ ዘበኞቹም አልገፉትም።

«እንዲህ ነው» አለው ሽማግሌው ያለ ቁጣ። «ጥቂት መታገሥ ብቻ ነው የሚፈልገው።»