የሞተው ሰው ልፈፋ

እንድሪስ ለፋፊው ከቀበሌው አዳራሽ በታች፣ ቦዩ ዳር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ ተፈንክቷል። የቆርቆሮ መለፈፊያው ከጎኑ ወድቋል። ሃምሳ አለቃ ቀለሙ ከኮምቦልቻ ተጠርቶ ደሴ ሲደርስ ረፍዷል፤ ጉሙ ግን ከጦሳ ተራራ ላይ ገና አልተገፈፈም። ዕለቱ የቀበሌ ምርጫ ቀን ነው። ዘመኑ ደግሞ ደርግ ነውና ሰው ሁሉ ፖሊስ ሲያይ ዓይኑን መሬት ላይ ይጥላል።

ሊቀመንበሩ በላቸው ግን ዓይኑን አልሰበረም። ሽጉጡን ታጥቆ፣ አናጢውን ጀማሉዲንን በሁለት ጥበቃዎች አስይዞ ጠበቀው።

«ገዳዩ ይኸውልህ! በምርጫው ሊፎካከረኝ የተነሣ ፀረ ሕዝብ። ሬሳውን ‹አገኘሁ› ያለው እሱ፣ ዶማ የያዘውም እሱ። ዛሬውኑ ለደኅንነት አስረክበዋለሁ።»

ቀለሙ ማስረከብ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እዚያ ገብቶ የተመለሰ ሰው አላጋጠመውም።

«ወላሂ አልነካሁትም!» አለ ጀማሉዲን። «ዶማው ለመቃብር ነው። እሜት ወለተ ማርያም ትናንት አመሻሽ ላይ አርፈዋል፤ የቅሬያችን፣ የእድራችን ሰው አይደሉ? እስላም ክርስቲያኑ ልንቆፍር ስንወርድ እኔ ቀድሜ አየሁት።»

«ታዲያ እንድሪስን በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ማነው?» አለ ቀለሙ።

«ያየውን እንጃ፤ የሰማው ግን ሰፈሩ ሁሉ ነው» አለ በላቸው። «ጎህ ሲቀድ ለፍፏል። እኔ ልፈፋው እንዳበቃ አዳራሹን ከፍቼ ከነዚህ ጥበቃዎች ጋር ነበርኩ። ከሁለት ሰዓት ጀምሬ መራጭ ብጠብቅ፣ አንድ ነፍስ አልመጣም! አድማ ነው፤ ያሳደመውም ይኸው ነው።»

ቀለሙ አጎንብሶ የሟቹን ጋቢ ዳሰሰ። ሌሊቱን ዘንቦ፣ ሊነጋጋ ሲል ነበር ያባራው፤ ጋቢው በስብሷል። ሬሳውን ቀና ሲያደርጉት ከሥሩ ያለው አፈር ደረቅ ነው። መለፈፊያውን አነሣ፤ ከሥሩ ጭቃ ነው።

የሟች ሚስት ረሂማ ደጇ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች።

«አላህ ሶብሩን ይስጥዎ፣ እናቴ። ባለቤትዎ ማታ የት ነበሩ?»

«ለቅሶ ቤት። መለፈፊያውን ከሊቀመንበሩ ልቀበል ብሎ ከዚያ ወጣ። ተመልሶ እዚያው ያደረ መስሎኝ ነበር። ንጋት ላይ ልፈፋውን ስሰማ ተናደድኩበት።»

«ለምን?»

«‹በሁለት ሰዓት ውጡ፣ እጅ በማውጣት ምረጡ› ይላል! ሰውዬው አበደ እንዴ? ቀብር ስላለ አስመራጮቹ ማታ እዚያው ለቅሶ ቤት ምርጫውን ወደ ስምንት ሰዓት ያዛወሩት እሱ ባለበት ነው። እጅ ማውጣትም የለም፤ ድምፁ በወረቀት፣ በምስጢር ነው። ‹ለማን እንደሰጣችሁ ጥበቃውም አያይም፣ አትፍሩ› እያለ ሰሞኑን ቤት ለቤት ሲያስረዳ ከረመ።»

«ድምፁ የሳቸው ነበር?»

«በቆርቆሮ ውስጥ የማን ድምፅ ይለያል፣ ልጄ?»

ቀለሙ ከቀብርተኛው ጋር ወርዶ ሽማግሌዎቹን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ግራ ቀኝ አይተው፣ በሹክሹክታ መለሱለት።

ከቀብር መልስ፣ በስምንት ሰዓት፣ አዳራሹ ጢም አለ። ቀለሙ በሩ ላይ ቆመ። ፈርቷል፤ ሊቀመንበር መክሰስ ራስን ማስከሰስ የሆነበት ጊዜ ነው።

«ድምፅ በሚሰጥበት አዳራሽ መሣሪያ አይገባም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ደንብ ነው።»

በላቸው እየተነጫነጨ ሽጉጡን ሰጠው። ቀለሙም መለፈፊያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ከኮሮጆው አጠገብ ቆሞ ጀመረ።

«እንድሪስ የሞተው ከዝናቡ በፊት ነው፤ ከሥሩ ያለው መሬት አልራሰም። መለፈፊያው ግን ጭቃ ላይ ነበር፤ የተጣለው ካባራ በኋላ ነው። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ የለፈፈው እንድሪስ አይደለም። ገዳዩ ነው። ሟቹ እስኪነጋ በሕይወት የነበረ እንዲመስል ለፍፎ፣ ከምስክሮች መካከል ሄዶ ተቀመጠ። የማይነጋ መስሏት አሉ!»

«ይኼ ጀማሉዲንን ነጻ አያወጣውም!» አለ በላቸው።

«ያወጣዋል። ጀማሉዲን ማታ ለቅሶ ቤት ስለነበር ምርጫው መዛወሩን ያውቃል። ሰፈሩም በሙሉ ያውቃል። የቅሬ ሰው በቀብር ሰዓት ምርጫ አይጠራም። የለፈፈው ቀብሩን ያልሰማ ሰው ነው። ጓድ ሊቀመንበር፣ ከሁለት ሰዓት ጀምረው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ማንን ይጠብቁ ነበር?»

ሽማግሌዎቹ ለቀለሙ የነገሩት ይህንኑ ነበር፦ በላቸው የጎረቤታቸውን የመዲናን ልጅ ለደርግ ገዳዮች አሳልፎ ከሰጠ ወዲህ ቅሬው ዝም ብሎ ትቶታል። ሞት ቤት ለቤት ሲነገር የእሱ ደጅ ይዘለላል።

«እንድሪስ መለፈፊያውን ሊቀበል መጣ» አለ ቀለሙ፤ አንቱታው ቀርቷል። «‹እጅ ይወጣል በል› አልከው፤ እጅ ካልወጣ ማን እንደሚፈራህ አታይማ! እምቢ አለህ። ስለ ሰዓቱ ሳይነግርህ ገደልከው።»

የበላቸው እጅ ወደ ወገቡ ሄደ፤ ባዶ ነው። ጥበቃዎቹን አያቸው፤ እነሱ መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ሞት እንኳ ትደብቁኛላችሁ?» ብሎ አንባረቀ። «አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ...»

«ያንተም ቀን ሲደርስ የሚለፍፍ አይገኝም» አለችው ረሂማ ከሕዝቡ መካከል።

ሲያስሩት ዞራ አላየችም። መለፈፊያውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ፣ ጭቃውን በሻርፗ ጠርጋ፣ ደጅ ወጣች።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ምርጫው አሁን ነው፤ ድምፁ በምስጢር ነው፤ የሚያይ የለም፣ አትፍሩ! ከዓስር ሶላት በኋላ የእንድሪስ ቀብር ነው!»

በቆርቆሮው ውስጥ ድምፅዋ ቁርጥ የእንድሪስን ይመስል ነበር።