ውሸት የለመደ ደወል

መርማሪዋ ልጅ ሳለች በመስኮት የሰማችው ጨዋታ ነበር፤ ግማሹን ረስታዋለች። ሁለት ጀልባ ነጂዎች ሲቀላለዱ አንደኛው «ቁልፍህን ውሃ መክፈቻው ላይ ስቀል፤ ያንተ ጭንቅላት እንደሆነ ወንፊት ነው» አለ። ሌላው ምን ብሎ እንደመለሰ ከዘመኑ ጋር ሄዷል።

አሁን ባትሪዋን ይዛ ወደ አንድ ጀልባ የሞተር ክፍል ወርዳለች። ካፒቴኑ ከአዲሱ ሞተር አጠገብ በደረቱ እንደተደፋ፣ ፒንሳ በእጁ እንደያዘ ሞቷል። አካሉ ላይ ጭረት የለም። የክፍሉ ክዳን ከውስጥ ተሸንጉሮ ስለነበር ሰብሮ የገባው ታናሽ ወንድሙ ነው። የጭስ ማውጫው ላስቲክ ቀልጦ ግድግዳው ሁሉ ጥቀርሻ ለብሷል። «ነፍስ ይማር» አለች ለራሷ፤ ቀስ ብላም ወጣች።

ሞተሩን የገጠመው ሽማግሌ መካኒክ በሁለት ፖሊሶች መሃል ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ይሄ የሞተሩ ማስጠንቀቂያ ደወል ምን ነበር ችግሩ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ። የሙቀት መለኪያውን ከአሮጌው ሞተር ነቅዬ ነበር የገጠምኩት፤ ከአዲሱ ጋር አልተስማማም። ሞተሩ ሳይግል ‹ፈላሁ› እያለ፣ ሳምንቱን ሙሉ እዚሁ ስሞክረው ጮኸ። ትናንት መለኪያውን ቀይሬ ጀልባውን አስረከብኩ። ለካፒቴኑ ‹ከእንግዲህ ከጮኸ እመነው› ስለው ‹ውሸት የለመደ መች ይተዋል› ብሎ ሳቀብኝ።»

የሟች ሚስት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። «ዛሬ ማለዳም ሲጮህ ከቤት ሰምቼዋለሁ። ‹ያ ውሸታም ጀመረ› ብዬ ተገላብጬ ተኛሁ። ክዳኑን የዘጋው ጎረቤት እንዳይረበሽ ነው። ሲያስል እንኳ አፉን ይይዝ የነበረ ሰው ነው።»

ታናሽየው ራቅ ብሎ ቆሟል።

«ማታ ጀልባውን ያሰረው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ውሃ መክፈቻው ክፍት ነው፤ ወርደሽ እዪው።»

ስለ መክፈቻው አልጠየቀችውም ነበር። ወርዳ አየችው፤ እውነትም ክፍት ነው። ባትሪዋን ከእጀታው ጀርባ አበራችና ብዙ ቆየች።

ስትመለስ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው። ውሃው በጭስ ማውጫውም ያልፋል፤ ከሌለ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ጭሱ ክፍሉን ይሞላል። መክፈቻው አሁን ክፍት ነው። ከጀርባው ግን ጥቀርሻ ያልነካው አግድም መስመር አለ፤ እጀታው ሲዘጋ የሚያርፍበት ቦታ። ጭሱ ሲሞላ ተዘግቶ ነበር ማለት ነው። የከፈተው ካፒቴኑ ከሞተ በኋላ መጀመሪያ የገባው ሰው ነው።»

ታናሽየው አንገቱን ደፋ።

«እጀታውን የቁልፍ ማንጠልጠያ ገመድ ሞርዶታል። ማታ ትዘጋላችሁ፣ የሞተሩን ቁልፍ እዚያው ትሰቅላላችሁ፤ ጠዋት ቁልፍ የፈለገ ሳይከፍት አይሄድም። አዲሱ ሞተር ግን በአዝራር ነው የሚነሳው፤ ቁልፍ የለውም። ትናንት ጀልባው ከመካኒኩ እጅ ተመልሶ የመጀመሪያ ማታው ነበር። ወንድምህ ደወሉን ሲሰማ የዱሮው ውሸት መሰለው፤ የመለኪያውን ሽቦ ሲፈታ ጭሱ ቀደመው።»

«ሃያ ዓመት ስዘጋ የኖርኩት ነው» አለ ታናሽየው። «እጄ ነው የዘጋው፤ እኔ አላሰብኩትም። ሰብሬ ስገባ… ወንድሜን ከማንሳቴ በፊት እጀታውን አዞርኩት። ከሁሉ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።»

ፖሊሶቹ ከመካኒኩ አጠገብ ተነሱ።

«እማማ ጠዋት ጋሼን ‹ልጄን የገደለ ደጄን አይረግጥም› ብላ መልሳዋለች» አለች ሚስት። «ማን ይንገራት?»

«እኔ አልችልም» አለ ታናሽየው። «አንድ ልጅ ነው የቀራት፤ እሱንም ልቀማት?»

«ከሌላ ሰው ከሰማች ነው የምትቀማት» አለች መርማሪዋ።

ታናሽየው ሄዶ ሽማግሌውን በክንዱ ደግፎ አስነሳው።

«እሺ፤ እኔው እነግራታለሁ። ጋሼን ይዤ ነው የምገባው፤ ካባረረችም ሁለታችንን ታባር።»