ሳልለካ የጻፍኩት ሰማንያ

ይህን አንብባችሁ "ውሸታም" ብትሉኝ አልቀየምም። ስድስት ዓመት እንጀራዬን የበላሁት እየዋሸሁ ነው። ይቺን ግን አልዋሸሁም...

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ጠራራ ፀሐይ። ከኪቱይ ከተማ ወጥተን በአቧራው መንገድ ወደ አንዲት ወላድ እየበረርን ነው። ሾፌሩ ጋሽ ንዚዮካ ናቸው፤ እኔ ከኋላ፣ ከአልጋው ጎን።

በአምቡላንስ ሥራ አንድ ሕግ አለ፦ ያልተጻፈ አልተሠራም። እኔ ገለበጥኩት፤ ከተጻፈ ተሠርቷል። በሽተኛው ጋ ሳልደርስ ፎርሙን እሞላለሁ።

ግፊት 120/80። የልብ ምት 80። ትንፋሽ 16።

ጋሽ ንዚዮካ በመስታወቱ አዩኝ።

"አንተ ጠንቋይ፣ ሳታያት ልቧን ቆጠርክ?"

"ያልሞተ ሁሉ ሰማንያ ነው ጋሼ።"

ቁጥሩን በሬዲዮ ለሆስፒታሉም አስተላለፍኩ።

ደረስን። ስዮካው ትባላለች። ልጇ ተወልዷል፤ ደሟ ግን አልቆመም። መኪናው ላይ ጫንናት፤ እናቷም ሕፃኑን ታቅፈው አብረው ገቡ።

ግፊትና የልብ ምት የሚለካውን ማሽን ገጠምኩላት።

120/80... 80... 16።

እጇን ያዝኩ። በረዶ! ጣቴ ሥር ያለው ምት እንደ ክር ቀጥኖ ይሮጣል... ለመቁጠር አይያዝም።

ማሽኑ ግን 80።

ነቅዬ እንደገና ገጠምኩ።

80።

ሬዲዮውን አነሳሁ። "ካቫታ! ደሟ እያለቀ ነው! ኦፕራሲዮን ክፍሉን ያዙልኝ!"

ካቫታ የሆስፒታሉ ጥሪ ተቀባይ ናት።

"ቅድም ደህና ናት ያልከው አንተ አይደለህ? የማሽንህም ቁጥር እዚህ ይታየኛል፤ ሰማንያ። ክፍሉን ለባሰባት ሰጥቻለሁ። ተራ ጠብቁ።"

"የቅድሙን ሳላያት ነው የጻፍኩት! በእናትሽ ካቫታ!"

ከዚያ ቀስ ብላ...

"ታዲያ ማሽኑም ሳያያት ነው የሚቆጥረው?"

ፎርሙን ቀደድኩት። ማሽኑ ይከተለኝ እንደሆነ ብዬ በአዲስ ላይ የልብ ምት 140 ጻፍኩ።

80።

150 ጻፍኩ። እስክሪብቶው ወረቀቱን በሳው።

80...

ስዮካው ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"የማነው... ሰማንያው?"

ሆስፒታሉ በር ላይ ጣቴ ምቷን አጣ። ደረቷን እየተጫንኩ ጮህኩ። እናቷ ግን ማሽኑን እያዩ ፈገግ አሉ።

"ደህና ናት አይደል ልጄ? ይኸው ይቆጥራል።"

ተሸፍና ስትወጣ ሐኪሞቹ ገመዱን እስኪነቅሉ ድረስ ማሽኑ ቆጠረ።

ትናንት የሆስፒታሉን ሦስት ፎቅ በሩጫ ወጥቼ ወረድኩ። አላለከለከኝም። መኪናው ውስጥ ገብቼ ማሽኑን ለራሴ ገጠምኩት።

120/80... 80... 16።

ጋሽ ንዚዮካ እየሳቁ እጄን ያዙ። "አምጣ፣ እኔ ልቁጠርልህ።"

ሳቃቸው ቆመ። ጣታቸውን ወደ አንገቴ አዛወሩ። ከዚያ ጆሯቸውን ደረቴ ላይ አሳረፉ... ብዙ ቆዩ።

"ሙንያዎ..." ብለው ስሜን በሹክሹክታ ጠሩኝ። "ገመዱን እንዳትነቅለው።"

አልነቀልኩትም። ይህን የምጽፍላችሁ ገመዱ ደረቴ ላይ እንዳለ ነው።

80።