ሃሎዊንን በቡሄ ያስጨፈርኩ ዕለት

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ እኔ በጂን፣ በዛር፣ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፣ ዶሃ፣ ኡም ጉዋይሊና የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል የምንጋራው ሾፌሮች ስለ ጂን ሲያወሩ እንኳ «ጂኑ የመኖሪያ ኢቃማ አለው ወይስ ዝም ብሎ ነው የሚሠራው?» እያልኩ ወሬያቸውን የማበላሽባቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ ይሄን ከእኔ አፍ ስትሰሙ ቢገርማችሁ አይፈረድባችሁም፣ እኔንም ገርሞኛል።

የምነዳው እዚያው ዶሃ ሙዓይዘር የሚባል ሰፈር፣ ሃያ ምናምን ቪላ በአንድ አጥር ውስጥ የተደረደረበት ግቢ ለሚኖሩ የሊባኖስ ቤተሰብ ነው። ማዳም ደግ ናት፣ በዓል ስትወድ ግን ለጉድ ነው፣ የማንም በዓል ይሁን፣ ብቻ ኬክና ልብስ ይኑረው። እና አምና ሃሎዊን መጣ፣ ልጆች ጭራቅ ምናምን መስለው በየበሩ ከረሜላ የሚለምኑበት የፈረንጅ በዓል ማለት ነው። ልጆቹን ይዛ መዞር የነበረባት የቤቱ ሠራተኛ ብርቱካን ነበረች፣ እሷ ግን ማዕተቧን ጨብጣ ኩሽና በር ላይ ቆመች።

«ሞቼ እገኛለሁ! ዛሬ እኮ ሃያ አንድ ነው፣ ማርያም ናት፣ በሷ ቀን የሰይጣን ማኅበር አልጠጣም። አንተ ውሰዳቸው፣ ያንተ እንደሆን እምነትህ ከመንጃ ፈቃድህ በፊት ነው ጊዜው ያለፈበት» አለችኝ።

ማዳምም «ያላ፣ አንተ ሂድ» አለችና መመሪያ ሰጠችኝ፣ ደጁ ላይ ዱባና መብራት ያለበት ቤት ብቻ ይንኳኳል፣ ጨለማ ቤት ይታለፋል፣ የሊንን እጅ ደግሞ ለአፍታም እንዳትለቅ። ሊን የመጨረሻዋ ልጅ ናት፣ አምስት ዓመቷ ነው፣ ነፍሴን እንደምወዳት ነው የምወዳት። «እሷ ከጠፋች አንተም ጠፍተህ ቅር» አለች ማዳም፣ እየሳቀች ነው፣ ግን መልእክቱ ደርሶኛል።

የመግሪብ አዛን እንዳበቃ ወጣን። እመኑኝ፣ ዶሃ በጥቅምትም ቀልድ አታውቅም። ተኩላ የሆነው ትልቁ ልጅ በጠጉር ልብሱ ውስጥ ላብ በላብ ሆኖ ሦስተኛው ቤት ሳንደርስ የተኩላውን ጭንቅላት አውልቆ አሸከመኝ፣ አጽም የሆነው ታናሹ የፊቱ ቀለም ቀልጦ አገጩ ላይ ነጭ ጺም ሠራለት፣ ቸኮሌቱማ እጃችን ሳይገባ ሾርባ ሆኗል፣ ሊን ብቻ በዱባ ልብሷ እንደ ኳስ እየነጠረች ትሄዳለች። ችግሩ፣ በር ላይ ሲደርሱ ሦስቱም አፍረው ዝም ነው የሚሉት። ያኔ የልጅነቴ ቡሄ መጣብኝና አንዱ ደጅ የቆመ መጥረጊያ አንስቼ መሬቱን በእንጨቱ እየመታሁ አወጣሁላቸው፣ እነሱ ተቀበሉ።

«ውጪ እመቤት፣ ውጪ ከቤት!»

«ሆ!»

«ሳይቀልጥብን ቸኮሌት!»

«ሆ!»

አቤት! ግቢው ተገለበጠ! ፈረንጁም ዓረቡም ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ያልተጠራ ልጅ ሁሉ ከኋላችን ይሰለፋል፣ እኔም በኩራት አበጥኩ።

ሌሎቹ ልጆች ተበታትነው እኛ አራታችን ብቻ ስንቀር መጨረሻው ቪላ ደረስን። ድቅድቅ ጨለማ፣ ዱባ የለ፣ መብራት የለ። ማዳም እለፍ ብላለች፣ አውቃለሁ፣ ግን በቡሄ እኮ ደጅ አይዘለልም! እኛ ሰፈር የተጣሉት ሰው ቤት እንኳ ተጨፍሮ ነው የሚታለፈው፣ አለበለዚያ ነውር ነው። ይሄ ያገሬ ይሉኝታ ጎትቶ አስገባኝ። መጥረጊያውን በሁለት እጄ ለመያዝ የሊንን እጅ ለቀቅኩ፣ እንግዲህ ጥፋቴ ይቺ ናት።

አወጣሁ፣ ልጆቹ «ሆ!» አሉ፣ ከበሩ ወዲያ ደግሞ አንድ የሴት ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ ልክ በቦታው፣ «ሆ!» አለ። እኔማ ደስ አለኝ፣ ያገሬ ልጅ እዚህ ቤት ተቀጥራለች ብዬ «በርቺ እህቴ!» ብዬ ጮኽኩ። የነጠላ ጫማ ኮቴ ተሰማኝ፣ የትኩስ ዳቦ ሽታም መጣ። ዘወር ስል ሊን የለችም።

«ገባች» አለኝ አጽሙ፣ በሩን እያሳየኝ። በሩ ዝግ ነው፣ እጀታው ላይ የተጋገረው አቧራ የሰው ጣት አልነካውም።  ሥራዬን መቼ አሰብኩ፣ ያቺ ሕፃን ብቻ ናት የታየችኝ፣ በሩን በቡጢ ስደበድብ የግቢው ዘበኛ፣ አንድ ኔፓላዊ፣ ቁልፍ ይዞ እየሮጠ መጣ። «እኔ ከመቀጠሬ በፊት ጀምሮ ባዶ ነው፣ መብራቱም ተቆርጧል» እያለ ከፈተልኝ። በስልኬ መብራት ክፍል በክፍል ዞርኩ፣ ወለሉ ላይ ከእኔ ጫማ በቀር ዳና አልነበረም። ኩሽናው ቀዝቃዛ ምድጃ ብቻ ነው።

ከውጭ ወንድሞቿ ጮኹ። ስወጣ ሊን ደረጃው ላይ ቆማለች፣ ላብ አልነካትም፣ እጇ ቀዝቅዟል፣ ደረቷ ላይ ያቀፈችው ግን ትኩስ ሙልሙል ነው፣ ቂጡ ላይ የኮባ ቅጠል ተጣብቆበታል። ኮባ በዶሃ! አቅፌያት እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ አላፍርም።

ቤት ስንደርስ ወንድሞቿ «ሊን ተደብቃ ነበር» አሉ፣ ማዳምም ሳቀች፣ አለፈ። ብርቱካን ሙልሙሉን አገላብጣ አየች፣ አሸተተች፣ ሦስቴ አማተበች።

«ጣይው እንግዲህ» አልኳት።

«ምን በወጣው! በስመ አብ ከተባለበት ወዲያ ሙልሙል አይጣልም» ብላ ቆረሰችው። ትልቁን ቁራሽ የበላችው እሷ ናት፣ ይሄው አንድ ነገር ሳትሆን ወፍራለች፣ እኔንም እስከ ዛሬ «የሰይጣን ዳቦ ነጋዴ» ትለኛለች።

ሊንን በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሳደርሳት ጠየቅኳት፣ «ሴትዮዋ ምን አለችሽ?»

«ለዓመቱ ነይ፣ ያኔ ደግሞ እኔ ጋ ታድሪያለሽ አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ኢንሻአላህ አልኳት።»

ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ! ይኸው ደግሞ ጥቅምት ገባ፣ ማዳም አዲስ ልብስ አዛለች፣ ሊን ከኋላ ወንበር በየቀኑ «ስንት ቀን ቀረ?» ትለኛለች፣ እኔም ዘንድሮ እጇን በገመድ ከእጄ ጋር አስረዋለሁ እያልኩ ብርቱካንን አስቃታለሁ። ትናንት ግን የሊንን የትምህርት ቤት ቦርሳ ከመኪናው ሳወርድ ዚፑ ተከፍቶ ነበር፣ ውስጡ ደብተር የለም፣ ፒጃማዋን አጣጥፋ ከትታለች።